ሁለቱ የኒውዮርክ ጠበቆች

በኒውዮርክ ከተማ ዛሬም ሥራውን የሚያካሂደው «ሱሊቫንና ክሮምዌል» የተባለው የጥብቅና ድርጅት የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ. ም. ነው።

አልጀርኖን ሱሊቫን ስለ ሙያቸው እስራት የቀመሱ ሰው ነበሩ። በ1861 ዓ. ም. የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደ ተጀመረ፣ «ሳቫና» የተባለችው የደቡቦች መርከብ ሰዎች ተማርከው በባሕር ወንበዴነት ተከሰሱ፤ ቅጣቱም ሞት ነበር። ሱሊቫን ጠበቃ ሆነው ስለ ቆሙላቸውና ለመከላከያ የሚሆን ማስረጃ ፍለጋ ወደ ደቡብ ስለ ጻፉ፣ መንግሥት በላፋዬት ምሽግ አሰራቸው። ሆኖም ለፍርድ የተሰየሙት ሰዎች በአንድ ቃል መስማማት ስላቃታቸው መርከበኞቹ ሳይፈረድባቸው ቀረ።

ዊልያም ክሮምዌል ደግሞ በሱሊቫን ቢሮ የሂሳብ ጸሐፊ ነበሩ። ሱሊቫን ትጋታቸውን አይተው በኮሎምቢያ የሕግ ትምህርት የሚማሩበትን ገንዘብ ከፈሉላቸው፤ በ25 ዓመታቸውም የሥራ ሸሪክ አደረጓቸው። ሱሊቫን በ1887 ዓ. ም. ሲሞቱ ድርጅቱን የመሩት ክሮምዌል ናቸው። የፈረንሳዩ የፓናማ ቦይ ኩባንያ ንብረቱን ለአሜሪካ መንግሥት በ40 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥም ጠበቃው እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ጠበቃ የተጠላውንም ሰው ነገር ይይዛል። አለቃም የበታቹን ሠራተኛ አይናቅ፤ ዛሬ ደብተር የሚይዝለት ወጣት ነገ ስሙን የሚያስጠራለት ሊሆን ይችላልና።