በጎ ፈቃደኛ የጤና አስተማሪዎችን በሥራቸው ላይ ስለ ማቆየት

በገጠር የጤና ትምህርት የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞችን መልምሎ ማሠልጠን አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው ከዓመት በኋላም በሥራቸው ላይ ማግኘት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙትን የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ኑሮ መሠረት በማድረግ የዚህን ምክንያት ማስረዳት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች በየቀበሌው በደመወዝ እንዲመደቡ ተወሰነ። ይሁን እንጂ ሁለት ሠራተኞች በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለውን ቀበሌ ሁሉ ሊያዳርሱ አይችሉም። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የሴቶች የልማት ሠራዊት ተደራጀ፤ ይኸውም አንዲት ሴት አምስት ጎረቤቶቿን ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባትና በጤና ድርጅት ስለ መውለድ እንድትመክር ነበር። ደመወዝ ግን አልተቈረጠላትም።

ለመሆኑ ፈቃደኛዋ ሥራውን ስለምን ትተዋለች?

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። በአገራችን ልማድ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ ብድር አለው። ወንፈል የገባ ሰው ቀኑ በቀን ይመለስለታል፤ ደቦ የወጣም በልቶና ጠጥቶ ይመለሳል፣ በተራውም ይጠራል። ለጤና ምክር የዋለችውን ሴት ቀን ግን የሚመልስላት የለም። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. በኋላ በገባባቸው በጋይንትና በስማዳ ቀበሌዎች ደግሞ፣ እርከን የሠራው ጎረቤቷ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበል አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአማራ ገጠር የሠራዊቱ መሪዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ ነበሩ። እንግዲህ ፈቃደኛ ማለት ትርፍ ጊዜ ያላት ሴት ናት የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የመታመን ጉዳይ ነው። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ከጸናባቸው አገሮች አንዱ ነው። ሆኖም ምንጩ ከቁልቁለቱ ግርጌ ሆኖ ሳለ «የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ» የምትል ሴት መሳለቂያ ትሆናለች። የዓይን መድኃኒት በሚታደልበት ጊዜ ሰዉን ስታስተባብር፣ ወይም ሽፋሽፍቱ የሚወጋውን ሽማግሌ ወደ ሐኪም ስትልክ ግን ቃሏ ይከበራል።

ሦስተኛው የሥራ መደራረብ ነው። ለጤና የተመረጠችው ሴት ለስብሰባውም፣ ለመዋጮውም፣ ለሌላው ዘመቻም ከተጠራች አስተማሪነቷ ቀርቶ መልእክተኛ ትሆናለች።

መፍትሔውም ከእነዚሁ ምክንያቶች ይገኛል። የፈቃደኛዋን አረም፣ አጨዳና ውኃ መቅዳት ጎረቤቶቿ በወንፈል እንዲመልሱላት በእድሩ ወይም በሰንበቴው መስማማት ይቻላል። ትምህርቱም እርሻ በማይታረስበት በበዓል ቀን ቢሆን የሥራ ቀን አይባክንም። ምንጭ ሲጐለብት ስለ መታጠብ፣ መድኃኒት ሲመጣ ስለ ትራኮማ ማስተማርም ምክርንና አገልግሎትን ያገናኛል።

አንዳንዶች «ገንዘብ ከተከፈለ በጎ ፈቃድ ይጠፋል» ይላሉ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የመንደር ጤና ሠራተኞች እንደ ሥራቸው ክብደት ሊከፈላቸው እንደሚገባ መክሯል። ወንፈል ለጥቂት ሰዓት ሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ሥራው የየሳምንቱን ቀናት የሚወስድ ከሆነ ግን ክፍያው ከምልመላው በፊት መወሰን አለበት።