ለደጋ ቤት የሚስማማ የልብስ ስፌት መኪና

የልብስ ስፌት መኪና አንዱን ክር ከላይ፣ ሌላውን ከታች እየሳበ በጨርቁ ውፍረት መካከል የሚያቆላልፍ መሣሪያ ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ በአቀስታም፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ ይህ መሣሪያ በብዛት የሚታወቀው በልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ነው፤ ሆኖም የልጅን ዩኒፎርም ለማስረዘም፣ ከሰልባጅ የተገዛን ልብስ በልክ ለማስተካከል፣ መጋረጃና የትራስ ልብስ ለማዘጋጀት፣ የጋቢን ጠርዝ ለመቀምቀም በቤት ውስጥም የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ነው። ለዚህ ዓላማ መኪና የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ዋጋውን በግዢው ቀን በሚከፍለው ገንዘብ ብቻ ከመዘነ ይሳሳታል። በደጋው አገር ርካሽ ሊባል የሚገባው መብራት ሲጠፋ ሥራ የማያቆም፣ ወፍራም ጨርቅ የማይከብደው፣ መርፌውና መለዋወጫው በቅርብ ገበያ የሚገኝና በአካባቢው ባለሙያ የሚጠገን መኪና ነው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 በአንድ ክር ሰንሰለት መሰል ስፌት ለሚሰፋ መኪና የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 ሁለት ክር የሚያቆላልፈውን መኪና፣ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 መርፌው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚመላለስበትን መኪና አስመዘገቡ። የሲንገር ምርት በዓለም ዙሪያ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ በኢትዮጵያም ብዙ ሰዎች ማናቸውንም የስፌት መኪና፣ ሠሪው ማንም ይሁን ማን፣ ሲንጀር ይሉታል። በዚያ ዘመን በተደረገ ንጽጽር በእጅ ሲሰፋ ከ14 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረ የወንድ ሸሚዝ በመኪና በ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ተጠናቋል። መኪናው ወደ ተራ ሰው ቤት ሊገባ የቻለው ግን በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሲንገር ኩባንያ በ1856 ገዢው መኪናውን ወስዶ ዋጋውን በየወሩ እንዲከፍል የሚያስችል ሥርዓት በመጀመሩ ነው። ሰውን ከሥራ የሚያፈናቅል ማሽንን ሁሉ አጥብቀው ይተቹ የነበሩት ማህተማ ጋንዲ እንኳ በ1924 የሲንገርን መኪና ከትችታቸው ለይተው ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን መስክረውለታል።

አሠራሩ

የእጅ መርፌ ቀዳዳው ከኋላ ሲሆን የመኪና መርፌ ቀዳዳው ከጫፉ አጠገብ ነው። መርፌው ክሩን ይዞ ጨርቁን ዘልቆ ከወረደ በኋላ ጥቂት ወደ ላይ መመለስ ሲጀምር ክሩ ከጎኑ ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ከሥር ያለው መንጠቆ ይህንን ቀለበት ይዞ ቦቢን በምትባለው፣ የታችኛው ክር በተጠቀለለባት ትንሽ መሽከርከሪያ ዙሪያ ያሳልፈዋል። ከዚያም ከላይ ያለው ክር ሳቢ ክንድ ትርፉን ክር ወደ ላይ ሲስብ ሁለቱ ክሮች ጨርቁ ውስጥ ይቆለፋሉ። ከመርፌው ሥር ያሉት ጥርሶች ጨርቁን ወደ ኋላ ይገፉታል፣ የመጫኛው እግር ደግሞ ጨርቁ እንዳይነሣ ከላይ ይጫነዋል።

ይህን ማወቅ ለገዢው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም አብዛኛው የስፌት ጉድለት የሚመነጨው ከክር ውጥረት፣ ማለትም ክሩ ምን ያህል ተወጥሮ እንደሚሳብ ከሚወስነው ማስተካከያ ነው። የላይኛው ክር ከጨርቁ ሥር ተዘርግቶ ወይም ተጠቅልሎ ሲታይ የላይኛው ውጥረት መላላቱን፣ የታችኛው ክር በጨርቁ ፊት ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ሲታይ ደግሞ የላይኛው ከመጠን በላይ መጥበቁን ያመለክታል። ይህን የተረዳ ሰው ደህናውን መኪና ተበላሽቷል ብሎ አይጥልም፤ የተበላሸውንም ደህና ነው ተብሎ አይሸጥለትም።

ዓይነቶቹ

በገበያ ላይ የሚገኙት መኪናዎች በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ጭንቅላቱ ከብረት የተሠራ፣ በፔዳል የሚረገጥ ወይም በእጅ የሚዞር፣ ቀጥታ ስፌት ብቻ የሚሰፋው ጥቁር መኪና ሲሆን፣ ከአሮጌዎቹ ሲንገሮች ሌላ በቻይና የሚመረቱትን፣ በተርፍላይ የሚባለውንና የቢራቢሮ ምልክት ያለበትን ጨምሮ፣ ብዙ መሰሎች አሉት። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራና ቀጥታ ስፌትን ከዚግዛግ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ከሚመላለስ ስፌት፣ ጋር አጣምሮ የያዘ የቤት መኪና ነው፤ ሞተሩ በአብዛኛው ከ70 እስከ 100 ዋት ይጠቀማል። ሦስተኛው ስፌቱን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚቆጣጠር፣ በደርዘን የሚቆጠሩ የስፌት ዓይነቶች ያሉት መኪና ነው። አራተኛው በልብስ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠራበት፣ እንደ ጁኪና ጃክ ያሉ ኩባንያዎች የሚያመርቱት የኢንዱስትሪ መኪና ሲሆን በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ ሊወጋ ይችላል። አምስተኛው በባትሪ ወይም በትንሽ አስማሚ የሚሠራ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ አነስተኛ መኪና ነው።

ከእነዚህ መካከል አምስተኛው በዋጋው ዝቅተኛነት ቢያማልልም ድርብ ጂንስ ወይም የጋቢ ጠርዝ ሲገጥመው ይቆማል፤ በእጅ ተይዞ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ በአንድ ክር ስለሚሰፋ የክሩ ጫፍ ሲሳብ ስፌቱ በሙሉ ሊተረተር ይችላል። የኢንዱስትሪው መኪና ጠንካራና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ሰፊ ጠረጴዛ፣ የማይቋረጥ ኃይልና የሰለጠነ እግር ይጠይቃል፣ ፍጥነቱም ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚሠራውን በተመለከተ፣ ሰሌዳው ሲቃጠል በወረዳ ከተማ የሚጠግነው ባለሙያ ማግኘት ስለሚከብድ የስፌቱ ብዛት ለቤት ሰፊ የሚያካክሰው ነገር የለም። እውነተኛው ምርጫ እንግዲህ በባለፔዳሉና ባለዚግዛግ በሆነው የኤሌክትሪክ የቤት መኪና መካከል ነው።

የደጋው ሁኔታ የሚጠይቀው

አቀስታና በዙሪያዋ ያለው አገር ብርዳማ ደጋ በመሆኑ በቤት የሚሰፋው ጨርቅም ወፍራም ነው፤ ጋቢ፣ ቡሉኮ፣ ካፖርት፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ባና፣ ሁሉም ጠርዛቸው ሲታጠፍ ውፍረታቸው በእጥፍ ይጨምራል። በዚህ ረገድ የብረቱ ባለፔዳል መኪና ብልጫ አለው፤ ከባዱ መዘውር ሲዞር ያጠራቀመው ኃይል መርፌውን በወፍራሙ ጨርቅ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ጭንቅላቱም ስለማይንቀጠቀጥ ስፌቱ አይዛነፍም። መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራው አይቋረጥም፤ ኋላ ገቢ ሲገኝ ደግሞ ዲናሞ የሚባለውን ትንሽ ሞተር በጎኑ አስሮ በቺንጋ ማገናኘት ይቻላል። ጉድለቱ ዚግዛግ አለመስፋቱ ነው፤ በመሆኑም የሚለጠጥ ጨርቅ፣ እንደ ሹራብና ካናቴራ ያለውን፣ በደንብ አይሰፋም። በተራ ጨርቅ ግን ጠርዙ እንዳይተረተር ስፌቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ደግሞ በመስፋት ችግሩን ማቃለል ይቻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚመርጥ ቤተሰብ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ከደቡብ ወሎ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄዱ ዘመዶች ዕቃ ይዘው መምጣታቸው ወይም መላካቸው የተለመደ ሲሆን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ጊዜ 127 ቮልት በቤቶች ውስጥ ሲያገለግል ስለቆየ ለዚያ የተሠሩ ዕቃዎች አሁንም ይገኛሉ፤ በአሜሪካም የሚሸጠው መኪና የሚሠራው በ110 ወይም በ120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያ ኃይል ግን 220 ቮልት በመሆኑ እንዲህ ያለው መኪና ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ከሞተሩ ወይም ከመኪናው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው።

አሮጌ መኪና ሲገዛ

አዲስ መኪና ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ በተለይም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የብዙ ቤተሰብ ዓይን ወደ አሮጌው ማማተሩ አይቀርም። አሮጌ የብረት መኪና በሚገባ ከተመረመረ መልካም ግዢ ነው። ገዢው መዘውሩን በእጁ ቀስ ብሎ ሲያዞር የሚያንቅ ወይም የሚጋጭ ነገር መኖር የለበትም፤ የመርፌው ዘንግ በጣት ሲነቀነቅ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። የመርፌው ማለፊያ ብረት ተቧጭሮ ከሆነ ክር ይበጥሳል፤ ጥርሶቹም ስለታቸው ከጠፋ ጨርቅ አይስቡም። ከዚያ በኋላ ከላይና ከታች ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ክሮች ተደርገው በስስ ጨርቅ፣ ቀጥሎም በአራት ድርብ ጂንስ ላይ ይሰፋል። ሁለቱ ቀለሞች በየፊታቸው ብቻ ከታዩና ስፌቱ ካልዘለለ መኪናው ጤነኛ ነው።

ከግዢው ገንዘብ ላይ ለመርፌ፣ ለዘይትና ለትርፍ ቦቢን የሚሆን መለየት ያስፈልጋል። የቤት መኪና መርፌ አንገቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ሲሆን የኢንዱስትሪው ክብ በመሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቁጥሩ የመርፌውን ውፍረት በሚሊሜትር መቶኛ ያሳያል፤ ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80፣ ለአቡጀዲና ለዩኒፎርም ጨርቅ 90፣ ለጂንስና ለወፍራም የሱፍ ጨርቅ 100 ወይም 110 ይስማማል። ዘይቱ ለስፌት መኪና የተዘጋጀው ቀጭን ዘይት እንጂ የምግብ ዘይት መሆን የለበትም፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ተጣብቆ መኪናውን ያስረዋል።

የገንዘቡ መንገድ

ከእ.ኤ.አ. 1856 ጀምሮ መኪናውን ወደ ቤት ያስገባው በትንሽ በትንሹ የመክፈል ዘዴ በደጋውም መልክ አለው። እቁብ ለአንድ ቤተሰብ መኪና የሚበቃ ገንዘብ ያለ ወለድ ለማሰባሰብ ቀላሉ መንገድ ነው። በማኅበር ተደራጅተው ሥራውን ወደ ገበያ ለማሳደግ ለሚሹ ደግሞ በአማራ ክልል እንደ ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ ያሉ ተቋማት ማሽን እየገዙ በኪራይ መልክ ያቀርባሉ፤ ተከራዩም ክፍያውን ሲጨርስ የማሽኑ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲመዘን፣ በአቀስታና በመሰል የደጋ ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ፣ አዲስም ሆነ በሚገባ የተመረመረ አሮጌ፣ ባለፔዳል የብረት መኪና ቢመርጥ ገንዘቡ በከንቱ አይጠፋም፤ ዚግዛግ በእርግጥ የሚያስፈልገውና መብራት የማይቸግረው ብቻ በ220 ቮልት የሚሠራውን ቀላል የቤት መኪና ይምረጥ። በሁለቱም ምርጫ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የሚሰፋውን ጨርቅ ራሱ ይዞ ሄዶ በመኪናው ላይ ይስፋ፤ ከተቻለም አንድ ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ አብሮት ይገኝ።