ደጋግሞ የሚያፈስ ሞዞ፦ ኦይል ሲሉን ከመቀየር በፊት

ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ፣ በአዋሽና በሚሌ አልፎ፣ ጋላፊን ተሻግሮ ጂቡቲ ወደብ የሚደርስ ተሳቢ መጨረሻው ባሕር ጠለል ነው። ቁልቁለቱ ፍሬን ያስይዛል፤ ፍሬኑ ታምቡሩን ያግላል፤ ግለቱም ጎማው ወደሚታሰርበት ሞዞ ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ከሚችሉት ዕቃዎች አንዱ በሞዞው የውስጥ ወገን የሚቀመጠው ኦይል ሲል ነው።

በእያንዳንዱ ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። የእነሱ ዘይት ወይም ግራሶ ወደ ፍሬኑ እንዳይወጣ፣ አቧራና ውሃም እንዳይገባ የሚከለክለው የኦይል ሲሉ የጎማ ከንፈር ነው። ይህ ከንፈር ሲያፈስ ጉዳቱ ሁለት ነው። የፍሬን ሸራው ዘይት ይጠጣና መያዝ ያቅተዋል። ዘይት ያለቀበት ኩሽኔታ ደግሞ ግሎ ይነክሳል፤ ሲብስ እሳት ያስነሳል ወይም ጎማውን ከነሞዞው ያስወጣል።

በዕድሜ በገፋ ተሳቢ ላይ አዲስ ሲል ተገጥሞ ብዙም ሳይቆይ ያው ጎማ ሲረጥብ ወቀሳው በዕቃው ጥራት ላይ ይወድቃል። ሌላ ሲል ይገዛል፤ እሱም ያፈሳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መጠየቅ ያለበት ሲሉን ምን እንደሚገድለው ነው።

መጀመሪያ የፍሳሹ ምንጭ ይለይ። የተሳቢ ፍሬን በአየር የሚሠራ በመሆኑ እርጥበቱ የፍሬን ዘይት አይደለም። በውጭ ወገን ከታየ የሞዞው ክዳን ጋስኬት ይፈተሽ። በውስጥ ወገን ከታየም ቸኩሎ በሲሉ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ለፍሬኑ ካም ከመጠን በላይ የተሰጠ ግራሶ ወደ ታምቡሩ ገብቶ ሜካኒክን ያሳስታል።

ዘይት በሚጠቀም ሞዞ ላይ ክዳኑ መሐል ያለችው መተንፈሻም ትታይ። በጭቃ ከተደፈነች በውስጥ የጋለው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በከንፈሩ በኩል ይገፋዋል። ከምልክቱ በላይ የተሞላ ዘይትም እንዲሁ መውጫ ይፈልጋል።

ሞዞው ሲወጣ ከንፈሩ የሚያርፍበት የአክስል መቀመጫ ተጠርጎ በጥፍር ይዳሰስ። የቀድሞዎቹ ሲሎች በዓመታት ብዛት ቀጭን ቦይ ቆርጠው ከሆነ ጥፍር ይይዛል። እዚያ ቦይ ላይ የሚያርፍ አዲስ ከንፈር ሊከድን አይችልም፤ መቀመጫው ቀለበት ይልበስ ወይም በባለሙያ ይታደስ። ሲሉ የሚገባበት የሞዞው ቀዳዳ መስፋቱም በዚያው ይታይ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የኩሽኔታው አጠባበቅ ነው። ኩሽኔታውን የሚያጠብቀው ዳዶ ከላላ ሞዞው ይወዛወዛል፤ ከንፈሩም በእያንዳንዱ ዙር ከመቀመጫው ይነሳል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ግሎ የከንፈሩን ጎማ ያደርቃል። በእጅ በሚስተካከል ሞዞ ተቀባይነት ያለው የወደ ውስጥና ወደ ውጭ ጨዋታ ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ በግምት ከሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅምና በእጅ ስሜት አይለካም፤ በዳያል ጌጅ ይለካል። ዳዶው ሲጠብቅም ኩሽኔታዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ሞዞው መሽከርከር አለበት።

አገጣጠሙም ሲል ይገድላል። በመዶሻ በቀጥታ የተመታ ሲል ይጣመማል፤ ስለዚህ በመግጠሚያው ቀጥ ብሎ ይግባ። ከንፈሩ ሞዞው በሚጠቀምበት ዘይት ይቀባ። ሞዞው ሲገባ ዘንበል ካለ የአክስሉ ጥርስ ከንፈሩን ይቆርጣል፤ ክብደቱም በሲሉ ላይ ማረፍ የለበትም።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም። በዚያው አክስል በግራና በቀኝ በአንድነት ይቀየር፤ አንዱ ወገን ብቻ ከተቀየረ አያያዙ እኩል አይሆንም።

ባለንብረቶችና ሾፌሮች፣ ሁለተኛ ሲል ከመግዛታችሁ በፊት መቀመጫው እንዲዳሰስና የኩሽኔታው ጨዋታ እንዲለካ ጠይቁ። ሳይለካ የተዘጋ ሞዞ ተሠራ አይባልም።