ዓሣው «በቃኝ» ሲል ማን ሰማው?

«አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ያልተባለ ማን አለ? ጠግበን ሆዳችንን ይዘን እንኳ ጉርሻ ይከተለናል። የአገራችን ፍቅር እንዲህ ነው። ችግሩ ይኼ ፍቅር ኩሬ ውስጥ ሲገባ ነው። ዓሣ «በቃኝ» የሚልበት አንደበት የለውማ!

ይህን ያስጻፈኝ ከገንዳ ውሃ የመጣ አንድ ወዳጄ ያጫወተኝ የራሱ ታሪክ ነው። ሥራ ፈልጎ ሲሰለቸው ከዘመድ ብር ተበድሮ ኩሬ አስቆፈረ፤ ከወንዝ በሞተር ውኃ ስቦ ሞላና የቆሮሶ ጫጩት ጨመረበት። ቆሮሶ ፈረንጆቹ ቲላፒያ የሚሉት ነው። ፍሩሽካና የሰሊጥ ፋጉሎ ሳይሰስት ይበትንላቸው ጀመር። አንድ ቀን ማለዳ ቢሄድ ዓሦቹ ሁሉ ከላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «ወይኔ፣ ርቧቸዋል!» አለና ጆንያውን ዘረገፈው። በማግስቱ ኩሬው ነጭ ሆድ ብቻ ሆነ። ብድሩም አብሮ ተንሳፈፈ።

ጎበዝ፣ ዓሦቹ የጠየቁት አየር እንጂ ምግብ አልነበረም! ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የመተማ ቆላ ደግሞ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያነድ አገር ነው። ቀን ኦክስጅን የሚሠራው የኩሬው አረንጓዴ አልጌ ሌሊት ራሱ ተሻሚ ስለሚሆን፣ ንጋት ላይ ኦክስጅኑ ከሁሉም ሰዓት ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የተረፈ መኖ ሲበሰብስ የቀረችዋን ይጨርሳታል።

ፈረንጆቹ ለዚህ «ሰሚ» አበጅተውለታል። ኖርዌይ ውስጥ ሳልመን የሚያረቡት ውኃው ውስጥ ካሜራ ያስገባሉ፤ መኖው ሳይበላ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ማሽኑ ይቆማል። ሽሪምፕ አርቢዎች ደግሞ ማይክሮፎን ያጠልቃሉ። የማኘኩ ድምፅ ከበረታ ማሽኑ ይጨምራል፣ ጸጥ ካለ ያቆማል። ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ? ከዓሣ ርባታ ወጪ ብዙውን ጊዜ ግማሹንና ከዚያም በላይ የሚበላው መኖ ስለሆነ ነዋ!

«ካሜራውን ከየት አባታችን እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። መብራት የማይጠይቅም አለ። መኖ የያዘ ዕቃ ከውኃው በላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ዘንግ ወደ ውኃው ይወርዳል። የራበው ዓሣ ዘንጉን ሲገፋ ጥቂት ፍሬ ጠብ ይላል፣ የጠገበው ዞር ይላል። ግን ደረቅና እንክብል መኖ ይፈልጋል፤ ዱቄት ይደፍነዋል። ነፋስም ዘንጉን ሊያወዛውዘው ስለሚችል የዕለቱን ብቻ ሙሉበት።

እሱም ካልተገኘ ዓይናችሁ አለ። ፀሐይዋ ሞቅ ሳታደርግ አትመግቡ። እፍኝ በትኑና ተመልከቱ፤ ተሻምተው ከመጡ ጨምሩ፣ ከተለገሙ አቁሙ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ መኖ ተንሳፎ ከቀረ በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀንሱ። ማለዳ አፋቸውን ሲከፍቱ ካገኛችኋቸው መኖ በፍጹም! ንጹሕ ውኃ ልቀቁባቸው። ብር ሳትበደሩ በፊት ደግሞ ባሕር ዳርም ሰበታም የዓሣ ምርምር ማዕከል እንዳለ አትርሱ፣ ጠይቁ።

ወዳጄ ዕዳውን እየከፈለ እንደገና ጀምሯል። አሁን ማለዳ ማለዳ ወደ ኩሬው የሚሄደው ባዶ እጁን ነው፤ መጀመሪያ ቆሞ ያያል። እናንተም ጉርሻውን ለእንግዳ አቆዩት!