የሐይቅ ወለል ግንድ የማን ነው?

የሰሜን አሜሪካው ሱፒሪየር ሐይቅ ጥልቁ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች አየር ይፈልጋሉ፤ በወለሉ ጭቃ ውስጥ ደግሞ አየር እምብዛም የለም። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የሰመጠ ግንድ ዛሬ ሲወጣ ውስጡ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

የዊስኮንሲን ግዛት እንጨት ቆራጮች በዚያ ዘመን ግንዱን በወንዝ ይለቁት ነበር። ሐይቁ ላይ ሲደርስ በሰንሰለት በተያያዙ ግንዶች ተከቦ፣ በጀልባ እየተጎተተ እንደ አሽላንድ ባሉ ከተሞች ወደሚገኙ መሰንጠቂያዎች ይሄዳል። ጥዱ በደንብ ይንሳፈፋል። ሜፕልና በርች ግን ከባድ ስለሆኑ ብዙዎቹ ውሃ እየጠጡ በመንገድ ላይ ቀሩ።

ግንዶቹ የተቆረጡበት ደን ዛሬ ከሞላ ጎደል የለም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ እያለ ያደገ እንጨት የዕድሜ ቀለበቶቹ በጣም የተጠጋጉ ስለሆኑ ቫዮሊንና ጊታር ሠሪዎች ይፈልጉታል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሽላንድ ውስጥ ጠላቂዎች ቀጥሮ ግንድ የሚያወጣ ድርጅት ሲነሳ ጥያቄው ጎላ፦ ንብረቱ የማን ነው?

በግንዱ ጫፍ ላይ መልስ የሚመስል ነገር አለ። ኩባንያዎቹ በከብት ላይ በጋለ ብረት እንደሚተኮሰው ምልክት ሁሉ የየራሳቸውን ምልክት በመዶሻ ይመቱበት ነበር፤ ዛሬም የሚነበብ አለ። ይሁን እንጂ ባለምልክቶቹ አብዛኞቹ ከጠፉ ቆይተዋል። የተፈጥሮ ሐይቅ ወለል ደግሞ በዊስኮንሲን ሕግ ግዛቱ ለሕዝብ በአደራ የሚይዘው ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ማውጣት ክልክል ነው።

ፈቃዱን የሚሰጠው የሕዝብ መሬት ኮሚሽነሮች ቦርድ ነው፤ አባላቱም የግዛቱ ዋና ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዡና ዋና ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። ቦርዱ የተቋቋመው የትምህርት ቤት መሬቶችን ለማስተዳደር ስለሆነ ነገሩ ግር ያሰኛል። ቢሆንም የሐይቅ ወለልም መሬት ነው። አንድ ፈቃድ ከ160 ኤከር፣ ማለትም ከ65 ሄክታር ገደማ አይበልጥም። ጠያቂው ሐይቁን በሙሉ ይዤ ልፈልግ ማለት አይችልም፤ ቦታውን ለይቶ ማሳየት አለበት።

ፍሎሪዳ በበኩሏ ከወንዞቿ ግንድ ማውጣትን በ1970ዎቹ ከልክላ በ1990ዎቹ መጨረሻ መልሳ ፈቀደች። እዚያ ጫፉ የሚታየው ለሌላ ነገር ነው። የመጥረቢያ ወይም የመጋዝ አሻራ ያለበት ግንድ ይወጣል። በራሱ የወደቀው ዛፍ ግን የዓሣና የኤሊ መጠለያ ስለሆነ አይነካም፤ በደለል የተቀበረውንም ቆፍሮ ማውጣት ክልክል ነው። እኔ ይህን ደንብ የበለጠ እወደዋለሁ። ባለሥልጣን ሳይጠራ ጠላቂው ራሱ በእጁ ዳብሶ ሊያውቀው ይችላል።

ከውሃ የወጣ ግንድ ፀሐይ ላይ ከተጣለ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፈቃድ ጠያቂው ከጀልባና ከጠላቂ በፊት፣ ግንዱን እያራሰ የሚያቆይበት ቦታና ጣውላውን ቀስ አድርጎ የሚያደርቅ መሰንጠቂያ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።