ሽቦ አልባው የጆሮ ማዳመጫና የቤት ሰላም

በአንዲት ሳሎን ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠው አንዱ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ አንደኛዋ ተከታታይ ድራማ፣ ሦስተኛው ዜና፣ አራተኛዋ ደግሞ ለፈተና የምታነብበት ጸጥታ በሚፈልጉበት ቤት የኖረ ሰው፣ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ተራ የሱቅ ዕቃ ወሬ አይመስለውም። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲገባ መሣሪያው ያለበት ቤት የጎረቤት መሰብሰቢያ ነበረ፤ የመጣው ሁሉ ሊሰማ ነውና ድምፁ ከፍ ቢል ማንም አይከፋም። በዛሬው የኮንዶሚኒየም ኑሮ ግን ከላይ ያለው ጎረቤት የሚያየውን ፊልም ከታች ያለው ሳይወድ በግድ ይሰማል።

እኛ በምንኖርበት ሕንፃ፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ወንዱ ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሴቲቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አባትየው ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ጆሮአቸውም እየከበደ ሄደ። የማታው የሁለት ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ይለቁታል፤ ልጅቱ በጆሮዋ ጥጥ ወትፋ ታነባለች፤ ከታች ያሉት ጎረቤት ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ይደበድባሉ። ይህ በየማታው የሚደገም ሥርዐት ሆኖ ነበረ።

በመጨረሻም ልጁ ከደመወዙ ቈጥቦ አንድ ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ገዛና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። በመጀመሪያው ማታ ቤቱ በሙሉ በደስታ ተሞላ። ሰውየው «ዜና አንባቢው ከጆሮዬ ውስጥ ገባ እኮ!» እያሉ ሣቁ፤ ልጅቱ ጥጡን ጣለች፤ የመጥረጊያውም እንጨት ዐረፈ። በሁለተኛው ማታ ግን አንድ ስሞታ ተነሣ። «አንተ ልጅ፣ የዚህ ሰውዬ አፉ ቀድሞ ይከፈታል፤ ቃሉ ኋላ ይመጣል» አሉ። ልጁ የጆሮአቸው ችግር መስሎት ነበረ። ማዳመጫውን በራሱ ጆሮ ላይ አድርጎ ኳስ ሲመለከት ግን ግቡ ከገባ በኋላ የመረቡን ጩኸት ሰማ።

የዚህ ነገር ምክንያት እንዲገባን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ሽቦ አልባ ማዳመጫ የሚሠራው ብሉቱዝ በተባለው ዘዴ ነው። ድምፁ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ተጨምቆ ይታሸጋል፤ በሬዲዮ ሞገድ ይላካል፤ ማዳመጫው ተቀብሎ እንዳይቆራረጥ ጥቂት ያጠራቅማል፤ ከዚያም ፈትቶ ያሰማል። በተለመደው አሠራር ይህ ሁሉ ከ150 እስከ 250 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ የመጨረሻው ሩብ ሴኮንድ ማለት ነው። ሙዚቃ ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ መዘግየት ምንም አይጎዳውም፤ ዘፈኑ በሩብ ሴኮንድ ዘግይቶ ቢጀምር ማን ያውቃል? የሚያስቸግረው ሥዕልና ድምፅ አብረው በሚሄዱበት ጊዜ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መምሪያ መሠረት፣ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ ከሥዕሉ 45 ሚሊሴኮንድ ያህል ሲቀድም ወይም 125 ሚሊሴኮንድ ያህል ሲዘገይ ነው። ለመዘግየት ይበልጥ ታጋሽ የሆንነው በተፈጥሮም ብርሃን ድምፅን ስለሚቀድም ይመስለናል፤ መብረቅ ከነጐድጓድ በፊት መታየቱን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ለምደነዋል።

አንዳንድ አንባቢ «በስልኬ ፊልም ሳይ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥመኝም» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ብዙዎቹ ስልኮች ማዳመጫው ምን ያህል እንደሚዘገይ ዐውቀው ሥዕሉንም በዚያው ልክ ያቆዩታል። ቴሌቪዥኖች ግን ሁሉም ይህን አያደርጉም። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ድምፅን የሚያዘገይ መምረጫ ቢገኝም እንኳ፣ የኛ ችግር ድምፁ አስቀድሞ መዘግየቱ ስለ ሆነ ይብሱን ያባብሰዋል።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ታሪክ ጥቂት ብንል አንባቢዎቻችን አይሰለቹም ብለን እናምናለን። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የአሜሪካ የዩታ ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1910 የሠራቸው ማዳመጫዎች በአሜሪካ የባሕር ኀይል ዘንድ ተፈልገው ትእዛዝ ሲመጣለት፣ ፋብሪካው የራሱ ማድ ቤት ነበረ። በ1958 ደግሞ በሚልዋኪ ከተማ ጆን ኮስ ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ለመሸጥ አስቦ አብሮት ማዳመጫ ቢያቀርብ፣ ሕዝቡ ማጫወቻውን ትቶ ማዳመጫውን ወደደ። የሙዚቃ ስቴሪዮ ማዳመጫ በየቤቱ መግባት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሽቦውን የማስቀረቱ ሐሳብ የረዥም ጊዜ ነው፤ ብሉቱዝ ግን በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ በ1994 ተጀመረ፤ ስሙም በዐሥረኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሐራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ነው።

ብሉቱዝ የሚጠቀምበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ የዋይፋይም፣ የማይክሮዌቭ ምድጃም መንገድ ስለ ሆነ በጣም የተጨናነቀ ነው። ስለዚህ በቀድሞው አሠራሩ በ79 መስመሮች ላይ በሴኮንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። በቪየና የተወለደችው የፊልም ተዋናይ ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ከጆርጅ አንታይል ጋር ሆና ለዚህ የሚመስል የመዝለል ዘዴ በ1942 የፈጠራ መብት አግኝታ ነበረ። የነርሱ ሐሳብ ማዳመጫ አልነበረም፤ መርከብ የሚመታ ቶርፒዶ በሬዲዮ ሲመራ ጠላት እንዳያውከው ነው። የመስመሮቹንም ቍጥር 88 ያደረጉት በፒያኖ ቁልፎች ልክ ነው። የባሕር ኀይሉ በጦርነቱ ጊዜ አልተጠቀመበትም።

ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። ከዘገየው ድምፅ ይልቅ የከፋው ችግር የታየው በሳምንቱ መጨረሻ ነበረ። ብሉቱዙ ሲገናኝ የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ጠፋ፤ ስለዚህም ሰውየው ብቻቸውን ይሰማሉ፣ ብቻቸውን ይሥቃሉ፣ ብቻቸውን ይቈጣሉ። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ሦስት ጊዜ ተጣሩ፤ መልስ የለም። ትከሻቸውን ሲነኳቸው ደንግጠው ዘለሉ። ሴትየዋ ለጎረቤት ሲናገሩ «ጩኸቱ ሲጠፋ ሰውየውም አብሮ ጠፋ፤ ዱሮ ቢያንስ በዜናው ላይ እንከራከር ነበር» አሉ። እኛም ይህን ስንሰማ ነገሩ ከዕቃ ጉዳይ ማለፉን ተረዳነው። ልጅቱ ያገኘችውን ጸጥታ እናትየዋ በብቸኝነት ከፈሉበት።

ልጁ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ጠይቆና አንብቦ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ ሌላ ዐይነት ማዳመጫ እንዳለ ዐወቀ፤ የፊተኛውን ለእኅቱ ሰጥቶ ይህን ገዛ። ይህኛው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቀመጥ አስተላላፊ መሣሪያ አለው፤ ድምፁን በራሱ የሬዲዮ መስመር ይልከዋል። ለአውሮፓ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ863 ሜጋኸርትዝ አካባቢ፣ ለአሜሪካ የተሠሩት በ900 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ይሠራሉ፤ ግድግዳም ያልፋሉ። በዐይን በማይታይ ቀይ ብርሃን የሚሠሩም አሉ፤ እነርሱ ግን ሰው በመካከል ሲያልፍ ይቋረጣሉ፤ ከሳሎኑም አይወጡም። የሬዲዮዎቹ መዘግየት ዐይን ከማያስተውለው በታች ነው። በብሉቱዝም ቢሆን መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊሴኮንድ ያወረደ አሠራር አለ፤ ነገር ግን ላኪውም ተቀባዩም ሁለቱም የሚያውቁት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ቢያውቀው ዋጋ የለውም። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚታለሉት በዚህ ነው።

ዋናው ጥቅም የተገኘው ግን ከመሰኪያው ነው። አስተላላፊው በቴሌቪዥኑ የማዳመጫ ቀዳዳ ላይ ቢሰካ፣ በብዙ ቴሌቪዥኖች የሳሎኑ ድምፅ ይጠፋል። በብርሃን ገመድ፣ ማለት ኦፕቲካል በሚባለው ቀዳዳ፣ ቢሰካ ግን በአብዛኛው የቴሌቪዥኑ ድምፅ እንዳለ ይቀጥላል። ልጁም እንዲሁ አደረገ። አሁን እናትየው ዜናውን በመጠነኛ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ይሰማሉ፤ አባትየውም ያንኑ ዜና በጆሮአቸው በሚፈልጉት ልክ ይሰማሉ፤ አንዱን ጆሮ ገለጥ አድርገው ይከራከራሉም።

ስለ ሽማግሌዎች ጆሮ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በዕድሜ የሚመጣ የጆሮ ድካም አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው። «ሰ»ና «ሸ»፣ «ፈ»ም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው ጩኸቱን ይሰማሉ፤ «ሰማ» ይሁን «ሸማ» ግን አይለዩም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ መጨመር የሳሎኑን ማስተጋባትም አብሮ ስለሚጨምር ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ማዳመጫው የሚረዳው ቃሉን ያለ ማስተጋባት ስለሚያቀርብ ነው። ሆኖም መድኀኒት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛልና፣ ወላጁ ቴሌቪዥን ማስጮኽ የጀመረበት ልጅ ከሱቅ በፊት ወደ ሐኪም ቢወስደው እንመርጣለን።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የልጅቱ ጆሮ ነው። የፊተኛው ማዳመጫ ከደረሳት ወዲህ ስታነብም፣ ስታበስልም፣ ስትተኛም አታወልቀውም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ጠጕር መሰል ሕዋሳት ከሞቱ በሰው ዘንድ ዳግመኛ አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ90 ዴሲቤል ላይ ደግሞ በሳምንት 4 ሰዓት ያህል ብቻ ይቀራል። አራት ሰዓት ለአንድ ተማሪ የአንዲት ማታ ጥናት ናት! ብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች የድምፁን ልክ ስለሚያሳዩ፣ ምን ያህል እንዳደመጠ የማያውቅ ተማሪ ምክንያት የለውም። ቃል ያለበትን ዘፈን እየሰሙ ማንበብንም አናምንበትም፤ የዘፋኙ ቃልና የመጽሐፉ ቃል በአንድ ራስ ውስጥ ይጣላሉ።

የውጭውን ጩኸት የሚያጠፉት ማዳመጫዎች በዚህ ረገድ ይመሰገናሉ፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ሲያጓራ ድምፅ ሳይጨምሩ ለማዳመጥ ያስችላሉና። ነገር ግን ልጅቱ አንድ ቀን ወጥ ጥዳ፣ ማዳመጫውን አድርጋ፣ ሽታው ሳሎን እስኪደርስ ሽሮው ድስቱ ላይ ዐረረ። ሕፃን በሚጠበቅበት ወይም እሳት በሚነድበት ቤት አንድ ጆሮ ክፍት ይሁን።

ስለ ባትሪው ብዙ አንልም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፤ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡትን ትናንሾቹን ከፍቶ ባትሪ መለወጥም አስቸጋሪ ነው። ገንዘቡ ላነሰው ተማሪ ባለሽቦው ማዳመጫ አሁንም ደኅና ዕቃ ነው፤ አይዘገይም፣ መብራት ሲጠፋም ቻርጅ አድርጉኝ አይልም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እኚያን አስተማሪ ልንጠይቅ ገብተን ነበረ። ዜናው አልቆ ማዳመጫቸውን አውልቀው ቡና ይጠጣሉ። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ በአራተኛው ፎቅ ላይ የሚታየው ድራማ ከነልቅሶው ቃል በቃል ይሰማ ነበረ። ሰውየው ወደ ጣራው ጥቂት አንጋጠው አዳመጡና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ተነሥ፣ ዕቃውን የገዛህበትን ሱቅ ወጥተህ ንገራቸው» አሉት።