ፈቃዱ ከመንግሥት፣ እሺታው ከመድን ድርጅት

በአሜሪካ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ቢያንስ 40 ሰዓት በርሮ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተናውን ካለፈ የግል አብራሪነት ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ጎማውን ወደ ሆዱ የሚያጥፍ ወይም ሞተሩ ከ200 የፈረስ ጉልበት የሚበልጥ አውሮፕላን ማብረር ካሻው ደግሞ አሰልጣኙ ብቃቱን አይቶ በበረራ መዝገቡ ላይ ይፈርምለታል፤ ለዚህ ሕጉ የሰዓት ቁጥር አላስቀመጠም። የግል አውሮፕላን ባለቤት ኢንሹራንስ እንዲገባ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግም የለም፤ ግዴታ ያደረጉት ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ናቸው። ይህን ያየ ሰው ለባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን መድን መግባት የባለቤቱ ምርጫ ነው ቢል አይፈረድበትም። በተግባር ግን ማን የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ መድን ድርጅቱ ነው። ብዙ አብራሪዎች በዚህ ያማርራሉ። እኔ ግን፣ አንዳንድ ጉድለቱን ሳልክድ፣ ይህ ሁለተኛ ፈቃድ ሰጪ ባይኖር የሚከፋ ይመስለኛል።

አውሮፕላን በብድር የገዛን ሰው ባንኩ መድን ግባ ይለዋል፤ ሐንጋር የሚያከራየው ብዙውን ጊዜ እንዲሁ። መድን ድርጅቱ በበኩሉ አረቦኑን ከመቁረጡ በፊት የአብራሪውን ጠቅላላ የበረራ ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን የበረረውን፣ ዕድሜውንና የአደጋ ታሪኩን ይጠይቃል። የሚያበሩት ሰዎች በውሉ ላይ በስም ይሰፍራሉ። ስሙ ያልተጻፈ አብራሪ በውሉ የተቀመጠውን ዝቅተኛ ሰዓት፣ ለምሳሌ በጠቅላላው 500፣ በዚያው ዓይነት 25፣ ካላሟላ የባለቤቱ የልብ ወዳጅ ቢሆንም መድኑ አይሸፍነውም። 90 ሰዓት ብቻ የበረረ ሰው ቦናንዛን የመሰለ ፈጣንና ጎማ አጣፊ አውሮፕላን ቢገዛ ሕጉ በአሰልጣኝ ፊርማ ያሳልፈዋል። መድን ድርጅቱ ግን ብቻህን ከመነሳትህ በፊት 20 ወይም 25 ሰዓት ከአሰልጣኝ ጋር ብረር ሊለው ይችላል።

ይህን የሚለው ሂሳቡን ስለሚያውቅ ነው። ጎማ ማውረድ ረስቶ በሆድ ያረፈ አብራሪ ብዙ ጊዜ አንድ ጭረት ሳይነካው በሩን ከፍቶ ይወርዳል። ፕሮፔለሩ ግን አስፋልቱን ሲመታ ምቱ ወደ ሞተሩ ይተላለፋል። ሞተሩ ከውጭ ደህና ቢመስልም ወርዶና ተበትኖ ዋና ዘንጉ ስንጥቅ እንዳለበት መመርመር አለበት። የተጣመመው ፕሮፔለር ይቀየራል፣ የሆዱ ቆርቆሮ ይጠገናል፤ ወጪው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። ይህ ሁሉ አንዲት ማንሻ ከመርሳት የመጣ ነው። መርሳትን የሚቀንሰው ደግሞ ልምምድ ነው፤ ለልምምዱ ቁጥር የቆረጠለት መንግሥት ሳይሆን ከፋዩ ሆነ።

ትርፍ ፈላጊ ድርጅት እንደ ሕግ አውጪ ሊሆን አይገባም የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ለዓመታት ወርዶ የቆየው የአቪዬሽን መድን ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሲያሻቅብ፣ አንድም አደጋ አድርሶ የማያውቅ የአነስተኛ ሴስና አውሮፕላን ባለቤት አረቦኑ ጨመረበት። የአቪዬሽን መድን ገበያ ጠባብ ነውና የትልልቆቹ አየር መንገዶች ኪሳራ ወደ ትንንሾቹም ይወርዳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አደጋና እሱን ተከትሎ የመጣው የቦይንግ ማክስ እገዳ ለዚያ ጭማሪ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው። የዕድሜው ነገር ደግሞ የበለጠ ያስከፋል። ሕጉ ለግል አብራሪ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ ሆኖም ሰባዎቹን ያለፈ፣ ዕድሜውን ሙሉ በሰላም የበረረ ሰው ለጎማ አጣፊ አውሮፕላን መድን የሚሰጠው ሊያጣ ይችላል። በዚህ ተቺዎቹ ልክ ናቸው፤ በልደት ቀን ብቻ በር ከመዝጋት በየዓመቱ ከአሰልጣኝ ጋር በርረህ አሳይ ማለት ፍትሐዊ ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉም አሉ።

ለዚህ የመድን ድርጅቶች ኃይል መፍትሔው ውሉን እንደ ሕግ ማንበብ ነው፤ በተለይ ዋጋ የተጻፈበትን መስመር። የመኪና መድን ባብዛኛው የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ ሲሆን፣ የአውሮፕላን መድን ግን ሲፈረም የተስማሙበትን ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ ለምን መታደስ እንዳለበት የሴስና ታሪክ ያሳያል፤ ኩባንያው ከክስና ካሳ ብዛት የተነሳ የፒስተን አውሮፕላኖችን ማምረት እ.ኤ.አ. በ1986 አቁሞ ነበር። በ1994 የወጣ ሕግ 18 ዓመት ባለፋቸው አነስተኛ አውሮፕላኖች ምክንያት አምራቹ እንዳይከሰስ በአብዛኛው ከከለለው በኋላ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ አሮጌዎች ናቸው፤ አሮጌ ሆነውም ዋጋቸው ወጥቷል። አሁን 110,000 ዶላር የሚያወጣ ሴስና 172 በውሉ ላይ ያለው የድሮው 60,000 ነው እንበል። ነፋስ ገልብጦት ጥገናው 45,000 ቢጠየቅ፣ ድርጅቱ ሙሉ ውድመት ብሎ 60,000ውን ከፍሎ ስብርባሪውን ወስዶ ሊሸጥ ይችላል። ባለቤቱ በእጁ የያዘው ገንዘብ ሌላ 172 አይገዛም። ዋጋውን አጋኖ ማስጻፍም አያዋጣም፤ ያኔ ድርጅቱ መጠገን የማይገባውን ጠግኖ ይመልስለታል።

ተሳፋሪን በተመለከተ ደግሞ በትልቁ የተጻፈው 1 ሚሊዮን ዶላር ሊያታልል ይችላል፤ ከሥሩ ለአንድ ተሳፋሪ ከ100,000 አይበልጥም የሚል መስመር በብዙ ውሎች ላይ አለ። ሚስትና ሁለት ልጅ ይዞ የሚበር ሰው ይህን መስመር ሳያይ መፈረም የለበትም።

ከበረራ ትምህርት ቤት ተከራይቶ የሚበር ተማሪ ያለው ቤተሰብም ልብ ይበል። የትምህርት ቤቱ መድን በቅድሚያ የሚጠብቀው ትምህርት ቤቱን ነው፤ መድን ድርጅቱ ለአውሮፕላኑ ካሳ ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቡን ከተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። ለተከራይ አብራሪ የሚሸጥ የራሱ መድን አለ፤ ዋጋው ከባለቤቶቹ በብዙ ያነሰ ነው። ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ውሉ እኔን ይሸፍናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።